አባዬ ያጠፋው ሻማ

ልጅ ሆኜ ዓርብ ዓርብ ቤታችን የሚጨልመው አባዬ ቆጣቢ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ያደግኩት ኦስሎ ውስጥ ግሮሩድ፣ ጫካው ሊጀምር ሲል ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ ነው። ዲሴምበር ሲገባ ፈረንጆቹ ገናን ሲጠብቁ በየመስኮታቸው የአድቬንት ሻማና ኮከብ ያበራሉ፤ ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ያሸበርቃል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የኛ መስኮት ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ጀንበር ከመጥለቋ በፊት አባዬ ከክፍል ክፍል እየዞረ ምድጃውን፣ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። በቤተ እስራኤል ወግ ሰንበት ሲገባ ቤት ውስጥ የሚነድ እሳት አይኖርም፤ አባዬ ደግሞ ኤሌክትሪክም እሳት ነው ባይ ነው። የግድግዳውን ማሞቂያ ግን አይነካም። "እሱ የሕንጻው ነው። የራሱን ሰንበት ራሱ ይወቅ" ይላል። ከዚያ የቀዘቀዘ ምግባችንን እንበላለን። እሱ በቃሉ የያዘውን የግዕዝ ጸሎት ይደግማል፣ እናቴ አሜን ትላለች፣ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል።

አባዬና እናቴ ከጎንደር ወገን ናቸው። በየፊናቸው በእግር ሱዳን ገብተው እዚያ ተገናኙ። ዘመዶቻቸው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ አባዬ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እናቴም ትቼው አልሄድም ብላ ቀረች። በኋላ ስደተኛ የሚቀበል አገር ሲፈለግላቸው ኖርዌይ ወጣላቸው። "ከዚያ በኋላስ ለምን አልሄዳችሁም?" ብዬ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "እኔ ሥራ አለኝ፣ አንቺ ትምህርት አለሽ።" አያት ቅድመ አያቱ እያለቀሱ የጸለዩለትን አገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚዘጋ ሰው ሌላ አላየሁም። አባዬ እንዲህ ነው። ነገሩ በገዘፈ ቁጥር ቃሉ ያጥራል።

የኦስሎ ሐበሻ አባዬን የሚያውቀው በጾሙ ነው። ክርስትና ሲጠሩት ይሄዳል፣ ሠርግ ሲጠሩት ይሄዳል፣ ለቅሶ ላይ ከማንም ቀድሞ ይገኛል። ሳህን ሲቀርብለት ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ዛሬ አልበላም፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይልና ብርቱካን ይልጣል። እናቶች "እኚህ ሰውዬ የማይጾሙት ቀን የለም!" ብለው ያደንቁታል። እሱ አይክድም፣ አያረጋግጥም። ቤት ስንገባ ጫማውን እያወለቀ "ርቦኛል፣ ቶሎ በሉ" ይለን ነበር።

እናቴ የሞተችው ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል ነው። ከዚያ ወዲያ ጨለማው ውስጥ የምንቀመጠው ሁለታችን ብቻ ሆንን። አባዬ ጸሎቱን አላቋረጠም፤ አሜን የምትለው ሲያጣ አሜኑን እኔ ተረከብኩ። ሳቁ ግን ከእናቴ ጋር ሄደ። ድሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ የሚስቅ ሰው ነበር፤ አሁን ቀልድ ስነግረው "ጥሩ ነው" ማለት ጀመረ። ቀልድ ተናግሮ "ጥሩ ነው" መባልን የመሰለ ቅጣት የለም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያው ሳምንት የቢራ ሳምንት ነው። አዲስ ተማሪ በቡድን በቡድን ተከፋፍሎ ሣር ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። እኔ ዓርብ ሲመጣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ግሮሩድ እሄዳለሁ። "አባትሽ ይቆጣል እንዴ?" ይሉኛል ልጆቹ፣ እያዘኑልኝ። አባዬ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ብቻውን እንዳይሆን ነው የምሄደው፤ ግን ይህን ማስረዳት ከቁጣው ይልቅ ከባድ ስለሆነ በኖርዌጅኛው አዎንታ "ያ፣ ያ፣ ይቆጣል" ብዬ ባቡሬን እይዛለሁ።

እምነቴን ጠንቅቄ ያወቅሁት በስብከት አይደለም፤ በብርቱካን ነው። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ካፌ ፊት ለፊቴ አንድ ረጅም፣ ጺሙ ቀይ የሆነ ልጅ ተቀመጠ። ብርቱካን ልጦ ሊጎርስ ሲል ከንፈሩን ትንሽ አንቀሳቀሰ። ሌላ ሰው አያስተውለውም። እኔ ግን ያንን የከንፈር እንቅስቃሴ ዕድሜዬን ሙሉ በየድግሱ ከአባዬ ጎን ተቀምጬ ያየሁት ነው።

"አሁን ምን አልክ?" አልኩት።

"ምንም" አለ ደንግጦ።

"የለም፣ ባርከሃል። አይቼሃለሁ።"

ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይሁዳዊ ነኝ" አለኝ።

"እኔም ነኝ።"

ምኩራብ የትኛው እንደምሄድ ጠየቀኝ። ማላገጥ መስሎት ሊፈትነኝ መሆኑ ገብቶኛል። "ግሮሩድ፣ ስድስተኛ ፎቅ" አልኩት። ሲስቅ ብርቱካኑ አነቀው።

ስሙን አልጠራም፤ እኔና አባዬ ቀዩ ነው የምንለው። ከትሮንድሄይም የመጣ የሕክምና ተማሪ ነው። ሕግ አክባሪነቱ ለጉድ ነው፤ የማያውቀው ወጥ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ አይቀምስም፣ በሰንበት ባቡር አይሳፈርም፣ አሳንሰር አይጠራም። እሱ ነው እዚህም እዚያም ከተበተኑ ጥቂት አይሁዳውያን ተማሪዎች ጋር ያገናኘኝ። ዓርብ ማታ ክሪንግሾ በሚባለው የተማሪዎች መንደር፣ በአንድ ኮሪደር የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ይበላሉ። ምግብ የምትሠራው አንዲት የታሪክ ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ሃይማኖቱን ከተዉት ትውልድ አልፏል፤ እሷ ግን "ከሾርባው ጀምሬ ወደ እግዚአብሔር እደርሳለሁ" ትላለች። አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። በአንድ ወር ውስጥ ከእህት በላይ ሆነችልኝ።

የመጀመሪያው ዓርብ ክው አልኩ። ልክ አባዬ መብራት በሚያጠፋበት ሰዓት እነዚህ ሻማ አበሩ! ሾርባውንም ፕላታ በሚሉት ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ጥደው፣ እስከ ማግስቱ እንደተሰካ ይተዉታል። እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ሳልከራከር እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀዩን ያዝኩት። እሱም በትዕግሥት አስረዳኝ። እነሱ ዘንድ የተከለከለው ሰንበት ከገባ በኋላ ማንደድም ማጥፋትም ነው፤ ቀድሞ የበራ እንደበራ ይቆያል፣ ቀድሞ የጠፋ እንደጠፋ ያድራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጭራሽ አይቆይም። ሁለታችንም የምንጠብቀው ያንኑ አንድ ትእዛዝ ነው። ያን ማታ ሻማውን እያየሁ ስርቆት ላይ እንዳለ ሰው ስቁነጠነጥ አመሸሁ።

ከሰንበት ሰንበት ግን ለመድኩት፤ ከዚያም ወደድኩት። የዕብራይስጡን ፊደል ከቀዩ ተማርኩ፣ ማንበብ ቻልኩ። ቤታችን ውስጥ "አባዬ እንዲህ ያደርጋል" ብቻ የነበረው ነገር ሁሉ ስምና ምክንያት እንዳለው አየሁ። ሲበላ እጁን መታጠቡ፣ ከበላ በኋላ ማጉተምተሙ፣ ለዓርብ ገላውን መታጠቡ፣ ሁሉም። የአባቴን ኑሮ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስደስት መግለጽ አልችልም። እየጸለይኩ የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ልጆቹ ዕብራይስጡ የከበደኝ ይመስላቸው ነበር።

ነገር ግን አንድ ክፉ ነገር ነበረው። በሃይማኖቱ በበረታሁ ቁጥር ከአባዬ ራቅሁ። ክሪንግሾ ውስጥ ሂቤል የሚሏትን ጠባብ የተማሪ ክፍል ተከራየሁ። በሰንበት ባቡር መሳፈር ተውኩ። ስለዚህ ዓርብ ወይ ከልጆቹ ጋር ነኝ፣ ወይ ከአባዬ ጋር፤ ሁለቱ አይገናኙም። አንዱን ሰንበት እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ማድረግ ያዝኩ። አባዬ "ከእኩዮችሽ ጋር ሁኚ፣ እኔ ደህና ነኝ" ይላል። ደህና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክረምት ላይ ሰንበት የሚገባው ምሳ በልተው ብዙም ሳይቆዩ ነው። ከዚያ አንስቶ እስከ ጠዋት በጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ አስቡት፤ አሜን የሚለው የለ፣ አንድ ቃል የሚመልስለት የለ። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። አባዬ ሰንበትን ከሰው ጋር እንዲያከብር።

"ና እኛ ጋ እደር" እለዋለሁ።

"ተማሪ መሃል ምን እሠራለሁ? ዕብራይስጥ አላውቅ።"

ድሮ እንደመጣ ሰሞን ከተማው ውስጥ ካለው ምኩራብ አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር። በክብር ተቀብለውት፣ በክብር ተቀምጦ ተመለሰ። "ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን የሚሉት አይገባኝም፣ የምለውም አይገባቸውም" ብሎ ነገሩን እዚያው ላይ ዘጋው። ቃል ማሳጠሩ መቼም ልማዱ ነው።

ስለምነው ስለምነው በመጨረሻ ዲሴምበር ላይ እሺ አለ። "አንድ ጊዜ ልምጣና ልያችሁ። ባዶ እጄን ግን አልመጣም፤ ዳቦዬን ይዤ ነው።" ደስታዬ አፍታም ሳይቆይ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ቀዩ የማያውቀው ቤት ዳቦ አይበላም። ለሐበሻ ሽማግሌ ደግሞ፣ በእጁ ጋግሮ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣውን ዳቦ ፊቱ ላይ አለመብላት ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለትሮንድሄይም ልጅ እንዴት ብዬ ላስረዳው? አባዬ አንድ ጊዜ ከተከፋ ሁለተኛ አይመጣም። "አልመጣም" እንኳን አይልም፤ ሥራ በዝቶብኛል ይላል።

ቀኑ ደረሰ። ኮሪደራችን ላይ ያሉት ኖርዌጃውያን ተማሪዎች ለገና ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ ወጥ ቤቱ የኛ ብቻ ሆኗል። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራውን የኮሪደር መብራት ቀዩ እንደ ልማዱ ጠዋት መጥቶ በሰንበት እንዳይበራ ሰው የሚያይበትን ዓይን በፕላስተር ሸፍኖበት ሄዷል። አባዬ ቫይትቬት ሰፈር ከሚያጸዳው ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ ሥራውን በሌሊት ጀምሮ ቀደም ብሎ ይወጣል። በአንድ ባቡር ሳይቀይር መጣ፤ ግን ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሞ አርፍዶ ደረሰ። ቦርሳው እሱን ያህላል። ዳቦ፣ የተጠበሰ ሳልመን፣ አዚፋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፤ ሁሉም ቀዝቅዞ የሚበላ። ሰላም ሳንባባል "መታጠቢያ ቤቱ የት ነው? ለሰንበት ልታጠብ" ብሎ ገባ።

ስለ ሻማው ልነግረው አስቤ ነበር። ቀስ ብዬ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳው ያዘጋጀሁት ክርክር ነበረኝ። ግን እሱ ውሃ ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ አትጠብቅም። መስኮቱ ሥር ሻማዎቼን አበራሁ፣ ባረክሁ። የታችኛው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ቁልፍ ስለሆነ፣ እንግዶቹ ሲመጡ ከፍቼ ይዤ ለመጠበቅ ወረድኩ። የታሪክ ተማሪዋም ሾርባዋን ጥዳ ልብሷን ልትቀይር ወደ ክፍሏ ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔስ ለመልቀምም አልታደልኩም።

ልጆቹ በበረዶው ውስጥ በእግራቸው መጡ። በሩን በእግሬ ደግፌ ስጠብቃቸው ጀንበር ጠልቃ፣ ሰማዩ ሰማያዊነቱን ጨርሶ ነበር። ደረጃውን ወጥተን ወጥ ቤቱን ስንከፍት ድቅድቅ ጨለማ። የጠፋ ሻማ ጭስ ይሸታል።

አባዬ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። ከመንገዱ መብራትና ከበረዶው በመስኮት የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ አርፏል። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

"ሰንበት ሰላም! ግቡ፣ ግቡ" አለ በኖርዌጅኛ። "እግዚአብሔር ነው በሰዓቱ ያመጣኝ። እነዚያ ለገና የሄዱት ልጆች የአድቬንት ሻማቸውን እንደበራ ትተውት ሄደዋል። እናንተም ምድጃችሁን ረስታችሁታል። መብራቱንም። አትስጉ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ሁሉንም አጥፍቼላችኋለሁ።"

አንድ ሰው እንዲናገር አልፈለግኩም፤ አንድ ሰው እንዲናገርም ጸለይኩ። ከኋላዬ የታሪክ ተማሪዋ መጣች፤ በጨለማው ዳብሳ ድስቷን ነካች።

"ፕላታው ጠፍቷል!" ብላ ጮኸች። "ሾርባዬ! ሻማዎቹስ? የሰንበት ሻማዎቻችንን ማን አጠፋቸው?" ይህን ያለችው ክፋት ኖሯት አይደለም፤ እሷ ያሰበችውን ሁሉ የምትሰማው ከራሷ አፍ ነው።

አባዬ ኖርዌጅኛ ያውቃል። "ሻማዎቻችን" የምትለውን ቃል ሲሰማ አየሁት። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ያንቺ ናቸው?" አለኝ በአማርኛ።

"አዎ፣ አባዬ። እነሱ... እኛ ከሰንበት በፊት እናበራለን። ልነግርህ ነበር።"

"ሾርባውም እንዲሞቅ ነው የተጣደው?"

"አዎ።"

"አሁን ማብራት አይቻልም?"

"አይቻልም።"

ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላወቅሁም" አለ በኖርዌጅኛ፣ ለሁሉም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የደረደረውን ምግብ በፎጣው መልሶ ይጠቀልል ጀመር። እጁ ፈጥኖ ይሠራል፣ ዓይኑ ግን ወደ ማንም አያይም። በዚያ ብርድ፣ በሰንበት ባቡር ስለማይሳፈር፣ ከክሪንግሾ ግሮሩድ ድረስ በእግሩ ሊሄድ መሆኑ ገባኝ። ቢሄድ ከዚህ ወዲያ አንድም ዓርብ ከበሩ እንደማይወጣ እንደ ስሜ አውቃለሁ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ ቀዩ።

ሁላችንም ዞርን። ኖርዌጅኛ አንቱታ የለውም፤ የቀዩን ድምፅ ግን ሳስታውሰው በአንቱታ ነው የሚመጣልኝ።

"ይህን ዳቦ ማን ጋገረው?"

በሆዴ "አሁን ገደለን" አልኩ። አባዬ እጁን ከፎጣው ላይ ሳያነሣ "እኔ" አለ።

"በምን መጋገሪያ?"

"በቤቴ ምድጃ።"

"ምድጃው ውስጥ ከዚህ በፊት ምን ሥጋ ገብቶ ያውቃል?"

አባዬ ቀና አለ። "ሥጋ?" አለ። "እዚህ አገር በሕጋችን ማረድ አይፈቀድም። ያልታረደ አልበላም። ይህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር አልገባም። አንድም ቀን።"

"ዱቄቱስ? ዘይቱስ? ዓሣው ቅርፊት ነበረው?"

እዚህ ላይ የማልረሳውን ነገር አየሁ። አባዬ ፎጣውን ለቀቀና ተቀመጠ። የሳልመኑን ቆዳ ገልብጦ በመስኮቱ ብርሃን አሳየው። ዱቄቱን ከየት እንደሚገዛ፣ እንዴት እንደሚነፋ፣ ለዓርብ ዳቦ ብቻ የለየው መጋገሪያ እንዳለው ያስረዳ ጀመር። ቃሉ የሚያጥረው ሰውዬ የዳቦ ነገር ላይ ወንዝ ሆነ። ቀዩ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ይህ ሰው በኦስሎ ዘመኑን ሁሉ ጾመኛ ተብሎ ሲከበር፣ ለምን እንደማይበላ የጠየቀው አልነበረም። በልጅነቱ የነሱ መንደር ሰውም ከውጭ ሰው ጋር አይበላም ነበር፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ለሱ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ቁም ነገር ነው።

ቀዩ ጺሙን አሻሸ። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። "ኦስሎ ውስጥ ከእርስዎ ወጥ ቤት የጸዳ ወጥ ቤት ያለ አይመስለኝም" አለ። "ይባርኩልን።"

አባዬ ግን ገና አልጨረሰም።

"ቆይ" አለ። "አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ያ ሾርባ የምን ሥጋ ነው?"

"የዶሮ። ከውጭ አገር በረዶ ሆኖ የሚመጣ ነው።"

"ማን አረደው?"

"አላውቀውም። ግን ማኅተም አለበት።"

"ማኅተም ያርዳል እንዴ?"

የታሪክ ተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ቀዩ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ አራጁ፣ ስለ ተቆጣጣሪው በዝርዝር አስረዳው። አባዬ በጥሞና ሰማው። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ አስረዳህ። እናንተ ብሉት። እኔ ግን አልበላም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ተረቱን ወደ ኖርዌጅኛ ስመልሰው ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቀዩ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ሲስቅ አባዬ አየው፣ አየውና የሱም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው! እናቴ ካረፈች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ይህ ልጅ ሰው ያሳደገው ነው። ሳይጠይቅ አይበላም" አለኝ በአማርኛ።

ከዚያ ተነሥቶ በግዕዝ ባረከ። ልጆቹ ከቃሉ አንዱንም አያውቁም፤ አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ ሲል ብቻ ፊታቸው ይበራል፤ ሲያቆም አሜን ይላሉ። ያን ያህል አሜን ከአንድ ጠረጴዛ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም፤ በየመሃሉ ቆም እያለ ያስጨምራቸው ነበር። ዳቦውን ቆርሶ አከፋፈለ። ሳልመኑንና አዚፋውን በበረዶው ብርሃን በላን። ሰናፍጩ ለታሪክ ተማሪዋ አፍንጫ ሲደርስ እንባዋ ፈሰሰ፤ ሁለተኛ ጨለፈች። ሾርባው ለብ ብሎ ነበር፤ እሱንም ጨረስነው፣ ከአባዬ በቀር። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ሁለቱን ግትሮች አያቸው ነበር። አንዱ ሳያጣራ የማይበላ፣ ሌላው ተጣርቶም የማይበላ። ወደድኳቸው።

አባዬ በኔ ክፍል አደረ፣ እኔ የታሪክ ተማሪዋ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስንነሣ አባዬ የለም። በመስኮት ሳይ፣ ረጅሙ ቀይና አጭሩ ባለ ጋቢ፣ ጋቢው ከካፖርቱ ሥር እየታየ፣ ጎን ለጎን ወደ ሐይቁ በሚወስደው የጫካ መንገድ ላይ እጃቸውን እያወራጩ ይሄዳሉ። ምን እንደተባባሉ አባዬን ጠየቅሁት። "ስለ ሕግ" አለኝ። የሕግ ተማሪዋ እኔ መሆኔ ትዝ ያለው አይመስልም።

ጃንዋሪ ላይ ጉንፋን ጣለኝ። ዓርቡ የግሮሩድ ተራዬ ነበር፤ ትኩሳቱ ግን ከአልጋ አላስነሣ አለኝ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ አባዬ ብቻውን ሊያመሽ ነው። በረዶው ይወርዳል፣ ሰማዩ ገና ከቀትር በኋላ መጥቆር ጀምሯል። ሰንበት ሳይገባ ልድረስበት ብዬ ደወልኩ። ይቅርታዬን ስደረድር፣ ነገ ማታ ሰንበት ሲወጣ ወዲያው እንደምደውል ቃል ስገባለት፣ እሱ "እሺ፣ እሺ" እያለ ያጣድፈኛል።

"ምን ሆነሃል፣ አባዬ? ምን እየሠራህ ነው?"

ከበስተጀርባው አንድ ሰው በትሮንድሄይም ቅላጼ "ይህኛውም ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀ።

"ያ፣ ያ፣ እሱንም" አለው አባዬ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። "ልጄ፣ በይ ዝጊው። ጀንበር ልትጠልቅ ነው፣ ሰው አለኝ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ጠረቀመው።